ደቻቱ በቴሌቪዥኑ መሃል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ «የድምፅ ማጉያ ሠራተኛ» ይላል። ውሸት አይደለም። መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ጠርቻለሁ፣ ኳስ ሜዳ ተጫዋች አስተዋውቄያለሁ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ «ነገ ውኃ ይቋረጣል» እያልኩ ከተማውን ዞሬያለሁ። ግን አቦ፣ እኔን ጀማልን ሰው ያደረገኝን ሥራ ማንም አላነሳውም። አያውቁትማ! የዛሬ ወጣቶች ሁለት ሰው ጌም ሲጫወት ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ያያሉ፤ ከኋላ ደግሞ አንዱ እየጮኸ ያወራላቸዋል። ባለፈው ጎረቤቶቼ ይህንን ሲያሳዩኝ አዲስ ነገር ያሳዩኝ መስሏቸው ነበር። ሳቄ መጣ። ወላሂ፣ እኔ ይህን ሥራ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሠርቼዋለሁ። ያውም ከእነሱ አሳምሬ።

በስንብቱ ላይ ማይክሮፎኑን አቀበሉኝና «እስኪ ትንሽ ተናገር» አሉኝ። ዕድሜ ልኩን በማይክሮፎን የኖረ ሰው አፉ ተያዘ ቢባል ማን ያምናል? ተያዘ! ከዚያ ያወጣችኝ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት። ምን እንዳለችኝ ለማውራት ግን ከጌሙ መጀመር አለብኝ።

ያኔ ከጅቡቲ በባቡር የማይመጣ ነገር አልነበረም። ፊናንስ ፖሊስ የያዘው ኮንትሮባንድ በሐራጅ ይሸጣል፤ ሐራጁን የሚጠራው ደግሞ አው ኢብራሂም የሚባል የሐረር ሰው ነበር። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ «ለመዝናኛ ክበባችን የሬዲዮ ዕቃ በሐራጅ ገዛሁ» ብሎ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ስንከፍተው ሬዲዮ የለም። አንዲት ጥቁር ሳጥንና ሁለት በእጅ የሚዞሩ ቁልፎች ናቸው። ሲሳይ የሚባል የባቡር ጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገመዱን እያነካካ ከክበቡ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። በስክሪኑ ዳርና ዳር ሁለት ነጫጭ ዱላዎች ቆሙ፤ መሃል ላይ የተቆራረጠ መስመር፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ። ነጥቧ ትመጣለች፣ በዱላህ ትመልሳታለህ፣ ከሳትካት ያኛው አገባ ይባላል። በቃ፣ ጌሙ ይኼው ነው።

እኔ ከዚያ በፊት የባቡሩ ዕቃ ማራገፊያ ዴፖ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ቀበሌው ለስብሰባ ጥሪ ቀጠረኝና መዝናኛ ክበቡንም አብሮ ሰጠኝ። ደመወዙ ቤት ኪራይ ከፍሎ ለሽሮ የሚተርፍ ነው፤ ግን ጀርባዬ ከጆንያ አርፏል። ሥራውን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

ችግሩ ተመልካች ነው። የሚጫወቱት ሁለቱ በደስታ ያብዳሉ፤ ሌላው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዶሚኖውን ያንኳኳል። ጓድ ታደሰ መጥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ጀማል፣ ይህን ነገር የበላይ አካል ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ለሁለት ሰው መጫወቻ ገዛሁ ልበል? ሕዝብ ካልተሰበሰበበት ቴሌቪዥኑ ወደ ስብሰባ አዳራሽ፣ አንተም ወደ መጣህበት!» አለኝ።

የመጣሁበት ጆንያ ነው። ያን ዕለት ሽሮው አልወርድልህ አለኝ።

መላውን ያመጣው ራሱ ነበር። «የጌሙን አንደኛ ወገን ሰፊው ሕዝብ፣ ሌላኛውን ኢምፔሪያሊዝም ብለህ ጥራቸው፤ ሕዝቡ በስሜት ይከታተላል» አለ። ትእዛዝ ነው፣ እሺ አልኩ። ውድድር ተዘጋጀ፤ በዕለቱ የክበቡ አዳራሽ በጥሪ ሞላ። ኢምፔሪያሊዝምን የሚጫወት ጠፋ! አንዱ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ሌላው ተራዬ አይደለም ይላል። በዕጣ ቢደረግ ሙክታር ላይ ወጣበት። ሙክታር የመጋላ ባለጋሪ ነው፤ ፈረስ ሲነዳ የኖረ እጅ ስላለው በዚያች ቁልፍ ላይ የሚችለው አልነበረም። ሰፊውን ሕዝብ የያዘው ሲሳይ ደግሞ ያን ቀን ነጥቧን ደጋግሞ ሳታት።

እኔ ማይክሮፎን ይዣለሁ። «ኢምፔሪያሊዝም... አገባ» እላለሁ በለሆሳስ። ትንሽ ቆይቼ «ኢምፔሪያሊዝም... ደግሞ አገባ።» ሰዉ ማጨብጨብ ፈራ፣ ዝም ማለትም ፈራ። ሁሉም ጓድ ታደሰን ያያል። ሙክታር ምስኪኑ ልሸነፍ ብሎ ዱላውን ወደ ላይ ቢያሸሸው ነጥቧ ራሷ ሄዳ ትመታለታለች! በመጨረሻ ጓድ ታደሰ ተነሥቶ ሶኬቱን ነቀለና «መብራት ጠፍቷል፣ ጓዶች» አለ። አምፖሉ እላያችን ላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ሁላችንም መብራት ጠፋ ብለን በሰልፍ ወጣን።

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ በሽርጡ ጫፍ እንባውን እየጠረገ የሚስቅ ሽማግሌ ቀረ። አው ኢብራሂም ነው። የሸጣት ሳጥን ምን እንደሆነች ለማየት መጥቶ ኖሯል።

«ወላሂ ጀማል፣ በሐራጅ ዘመኔ ሁሉ የአሸናፊው ስም በሹክሹክታ የሚጠራበት ጨረታ አላየሁም» አለኝ።

«አው ኢብራሂም፣ እኔ እዚህ ሥራዬ ሊሄድ ነው፣ አንተ ትስቃለህ?» አልኩት። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ አክብሮቷ «አው» የምትለዋ ላይ አለች።

«ነገ ከዓሱር ሶላት በኋላ እመጣለሁ። ለብ ያለ ውኃ አዘጋጅልኝ» ብሎኝ ሄደ።

መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተማርኩትን ትምህርት የትም አላገኝም ነበር። አው ኢብራሂም ማይክሮፎን ከመያዙ በፊት ለብ ያለ ውኃ ይጉመጠመጣል፣ ትንሽ ዝንጅብል ጉንጩ ሥር ያደርጋል፣ ኮፊያውን ያስተካክላል። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ስሙንና ሰፈሩን ይጠይቃል። ኦሮሞውን በኦሮምኛ፣ ሶማሌውን በሶማሊኛ፣ ሐረሪውን በሐረሪ ያናግራል፤ እኔን ደግሞ በአማርኛ ይሰድበኛል።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር አግዳሚ ወንበሩን ማዞር ነው። ተጫዋቾቹ ለሕዝቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። በጎን አስቀመጣቸውና ፊታቸው እንዲታይ አደረገ። «ነጥቧን ማን ያያል? ሙክታር ሲጨንቀው ምላሱን እንዴት እንደሚያወጣ አይተሃል? ሰው የሚያየው እሱን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዶሚኖ የሚያንኳኩት ሰዎች የሙክታርን ምላስ ሲያዩ አንድ በአንድ ዞሩ።

ቀጥሎ ከኪሱ ክብ የጢም መላጫ መስታወት አወጣና ከበሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የሚያወራ ሰው ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ከጀርባው ነው፤ ጨዋታው የት እንደደረሰ በመስታወቱ ያያል። «ግን ሰረቅ አድርገህ ብቻ!» አለ ጣቱን እያወዛወዘ። «ሥራህ ያለው ፊታቸው ላይ ነው። እኔ ሐራጅ ስጠራ ዕቃውን አይቼው አላውቅም፤ የማየው የተጫራቹን ዓይን ነው።» ግራና ቀኝ ማለትንም ከለከለኝ፤ የእኔ ግራ ለእነሱ ቀኝ ነዋ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። መሃል ላይ ያለችውን የተቆራረጠች መስመር በጣቱ ነካት። «ይህቺ ማን ናት?» አለኝ።

«መስመር ናት።»

«አንተ የየት አገር ሰው ነህ? ከተማ ለሁለት የሚከፍል ነገር ስታይ መስመር ነው የምትለው? ደቻቱ ናት እንጂ! ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ።»

አላህ ይመስክር፣ ያኔ ጠጉሬ ቆመ። ደቻቱ ከተማችንን መሃል ለመሃል የሚሰነጥቃት ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፤ ሲመጣ ግን በድንገት፣ በጎርፍ ነው። ባለ ዛፍና ባለ አስፋልት ከዚራ በአንድ በኩል፣ መጋላ ከነገበያው በሌላ በኩል። ጓድ ታደሰም ሲነገረው አሰበና «ከዚራ ቢያሸንፍም መጋላ ቢያሸንፍም እኔን የሚጠይቀኝ የለም» ብሎ በደስታ ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ? «ከዚራ ላካት... ደቻቱን ተሻገረች... መጋላ በር ላይ ደረሰች... ኮቱ! ካሌ! ነይ!» እያልኩ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም እጠራታለሁ። በዝቅታ እጀምራለሁ፣ ሰዉ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ጩኸቱን ለመጨረሻ አስቀምጠዋለሁ። አንዱ ነጥቧን ሲስታት «ደቻቱ ወሰደው!» ብዬ አንባርቃለሁ፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ጎርፍ!» ይላል። ደላላ፣ ተሸካሚ፣ ጌሙን ነክተው የማያውቁ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች ሳይቀሩ መምጣት ጀመሩ።

አው ኢብራሂም ግን አልረካም። በራችን ላይ ለውዝ ወደምትሸጥ ሴት በአገጩ ጠቆመኝ። «አዴ ከድጃን ካስገባሃት ሥራውን ቻልከው እላለሁ» አለ።

አዴ ከድጃ መጋላ ነው ቤቷ፤ «አዴ»ም እንደ «አው» ያለች የሴት አክብሮት ናት። በየቀኑ በደቻቱ አሸዋ ተሻግራ ከዚራ ወዳለው ክበባችን መጥታ ለውዟን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ አንድም ቀን አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ አታውቅም። «ነጥብ አይቼ ልጄን ላብላ?» ነው መልሷ። ሁለት ሳምንት ያህል ለእሷ ብቻ ነው ያወራሁት ማለት ይቻላል። በሩ ጋ ቆሜ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ውጭ አዙሬ። አንድ ቀን ሙክታር ተጨንቋል። «ባለጋሪው የመጋላ ልጅ፣ ጎረቤት የሌለው፣ አይዞህ ባይ ያጣው...» አልኩ።

«የትኛው ባለጋሪ?» አለች ከውጭ።

«ሙክታር ነዋ።»

«የእኛው ሙክታር? ጎረቤት የለውም ያልከው እሱን ነው? እኔ ምኑ ነኝ?» ሰፌዷን አንሥታ ዘው አለች። ምላሱን አውጥቶ ሲያልበው አየችው። «ወሪያ ሙክታር! ያቺን ፈረስ በምትነዳበት እጅህ ንዳት እንጂ! አታሳፍረኝ!» ጮኸች። ሙክታር አሸነፈ። ከዚያ ቀን በኋላ የፊተኛው አግዳሚ ጥግ የእሷ ሆነ። አዳራሹ ገሚሱ ጌሙን፣ ገሚሱ እሷን ለማየት ነበር የሚመጣው። አው ኢብራሂም ዝንጅብሉን ተፍቶ ጨበጠኝ፤ ሌላ ምርቃት አልሰጠኝም።

ከዚያ ደቻቱ መጣ። እውነተኛው። ከተማው ፀሐይ ነው፣ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። የአዴ ከድጃ ታናሽ ወንድም ዐብዲ ወንዙ ውስጥ አሸዋ ይጭን ነበር፤ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ጎርፉ ደረሰበት። አስከሬኑ ታች፣ ከከተማው ወጥቶ ተገኘ። ክበቡ ተዘጋ፣ ሁላችንም መጋላ ወርደን ቀበርነው።

እንደገና ስንከፍት አዴ ከድጃ አሸዋውን ትታ በድልድዩ ዞራ መጣች። ቤት አልቻልኩም አለችኝ፤ ጥቁር ሻሽ አስራ ያው ጥግዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ በእነዚያ ወራት ሥራው በደሜ ገብቶ ነበር። የመስታወቱ ደህና አንባቢ ሆኜ፣ ነጥቧ የት እንደምትመታ ቀድሜ እስከማውቅ ደርሻለሁ። ያን ቀን ጨዋታው ጦፈ። ሙክታርና ሲሳይ ናቸው፤ ዓይኔን ከመስታወቱ መንቀል አቃተኝ። ሙክታር ሳታትና አፌ እንደለመደው፣ በሙሉ ድምፄ፣ «ደቻቱ ወሰደው!» አልኩ።

«ጎርፍ!» ያለ ሰው የለም። ዓይኔን ከመስታወቱ ሳወርድ አዴ ከድጃ ቆማለች።  ሰፌዷን አነሣች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወጣች። ሙክታር ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተከተላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። 

አው ኢብራሂም አልተቆጣም። መስታወቱን ከግድግዳው አውርዶ ኪሱ ከተተ። «ዛሬ ፊቷን አላየኸውም ጀማል። እኔ ሰረቅ አድርገህ እይ ያልኩህን ነገር አፍጥጠህ ስታይ ዋልክ» አለኝ።

ቤቷ ሄድኩ። ውኃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን ተቀብላ ሸኘችኝ። ወደ ከዚራም መሻገር ተወች። እኔ ደቻቱ የሚለውን ቃል ከአፌ አወጣሁት፤ «ነጥቧ መሃሉን አለፈች» ማለት ጀመርኩ። መሃሉን! ሰዉ ተመልሶ ወደ ዶሚኖው ዞረ። ያቺ ነጥብ እንደገና ነጥብ ሆና ቀረች። ጓድ ታደሰ፣ እሱም በድብቅ ሰው ሳይኖር እየመጣ ቁልፏን ማዞር ለምዶ ነበርና፣ እያዘነ ነገረኝ፦ «በአብዮት በዓሉ ቀን ውድድር ይኑር። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ግን ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። እኔም ከዚህ በላይ አልችልም።»

የበዓሉ ቀን የአዳራሹ ሩብ እንኳ አልሞላም። ሲሳይና ሙክታር ተቀመጡ። መስታወት የለኝም፤ ያለኝ የሰው ፊት ብቻ ነው፣ እሱም እያዛጋ። ለብ ያለ ውኃ ተጉመጠመጥኩ፣ ጀመርኩ።

«ከዚራ ላካት... መሃሉን... መሃሉን አለፈች...»

«ጀማል!»

ድምፁ ከበሩ ነው። አዴ ከድጃ ቆማለች። ሰፌዷ ራሷ ላይ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሸዋ። ከኋላዋ የመጋላ ሴቶች አሉ፤ የሙክታርን መጨረሻ እንይ ብለው ተከትለዋታል።

«መሃል ምንድን ነው? መሃል የሚባል ሰፈር አለ?» አለችኝ።

«አዴ፣ እኔ... አንቺን እንዳላስከፋ ብዬ...»

«ወንድሜን ወሰደው። ስሙን ስትደብቁት ይመልስልኛል?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቆማ አለቀሰች፣ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «ዐብዲ ከሞተ ጀምሮ ያን አሸዋ ረግጬው አላውቅም ነበር። ዛሬ በድልድዩ አይደለም፣ በእግሬ፣ እሱ በወደቀበት በኩል ነው የመጣሁት። አንተ ደግሞ ‹ወሰደው› ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው? ተሻገረች ማለት ትችል የለም? በላ፣ በል እንጂ!»

ፊቷን አየሁት። በደንብ አየሁት። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አመጣሁ፤ ጩኸቴን የት እንደማስቀምጥ ረስቼ፣ ከመጀመሪያው በሙሉ ድምፄ፣ «አዴ ከድጃ! ደቻቱን! ተሻገረች!» አልኩ።

አዳራሹ ተነሣ። ከውጭ የሚያልፈው ሁሉ ምን መጣ ብሎ ገባ፤ የገባም አልወጣም። ሙክታርና ሲሳይ ሲጫወቱ ነጥቧ ወንዙን ባለፈች ቁጥር ሰዉ «ተሻገረች!» ይላል፤ አንዱ ሲስታት ደግሞ ዝም እላለሁ።  ሲሳይ አሸነፈ። አዴ ከድጃ ሙክታርን «ፈረስህን ሸጠህ አህያ ግዛ!» ብላ ስትሰድበው የጓድ ታደሰ ሳቅ በር ድረስ ይሰማ ነበር። ቴሌቪዥኑም አልሄደም፣ እኔም ወደ ጆንያ አልተመለስኩም።

ደርግ ሲወድቅ ሳጥኗ የት እንደገባች አይታወቅም። አው ኢብራሂም ከዚያ በፊት አረፈ፤ መስታወቱን ለእኔ ነው የተወልኝ፣ ጢሜን እላጭበታለሁ። ሌላው ሥራዬ ሁሉ፣ መናኸሪያውም ኳስ ሜዳውም፣ ከዚያች አዳራሽ የተቀዳ ነው።

እንግዲህ በስንብቴ ቀን ማይክሮፎኑን ይዤ አፌ ሲያዝ፣ አው ኢብራሂም ያስተማረኝን አደረግኩ። ፊታቸውን አየሁ። ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ አዴ ከድጃ ተቀምጣለች። አርጅታለች፤ ከመጋላ በባጃጅ አምጥተዋት ነው። በምርኩዟ ወለሉን መታችና፣ «ወሪያ ጀማል! ምን ያንተባትብሃል? ተሻገርኩ በልና ቁጭ በል!» አለች።

«ተሻገርኩ» አልኩ። ቁጭ አልኩ። ከጉያዋ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ አውጥታ ሰጠችኝ።